የጥርጣሬ ዋጋ፦ የሟች ደራስያን ወራሾችና አነስተኛ አሳታሚዎች በፍርድ ቤት ፊት

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ በሟች ደራስያን ወራሾችና በአነስተኛ አሳታሚዎች መካከል የሚነሡ የቅጂ መብት ክርክሮችን በሦስት ጉዳዮች ይመረምራል። እነዚህም በአሜሪካ የታዩት የሸርሎክ ሆምስና የኤች. ፒ. ላቭክራፍት ጉዳዮች እንዲሁም በአየርላንድና በአሜሪካ የታየው የጄምስ ጆይስ ጉዳይ ናቸው። መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ የክርክሮቹን ውጤት የሚወስነው የመብቱ ስፋት ብቻ አይደለም፤ መብቱ መኖሩንና የማን መሆኑን የማጣራት ወጪ በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀም ይወስነዋል። በመጨረሻም የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ሚዛን ሲታይ ምን እንደሚመስል ይጠይቃል። ዓ.ም. ተብሎ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ጥያቄው

ደራሲ ሲሞት የቅጂ መብቱ አብሮት አይቀበርም። ለልጆቹ፣ ለትዳር ጓደኛው፣ በኑዛዜ ለተጠራ ሰው ወይም ወራሾቹ ላቋቋሙት ኩባንያ ይተላለፋል። የበርን ስምምነት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ ከሞት በኋላ 50 ዓመት ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70 ዓመት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ታዋቂ ሥራ የሚደራደሩት ብዙ ጊዜ ደራሲውን በዐይናቸው ያላዩ የልጅ ልጆችና የእነሱ ጠበቆች ናቸው።

በወዲያኛው ወገን ያለው አነስተኛ አሳታሚ በዓመት ጥቂት መጻሕፍት ያወጣል፤ ቋሚ ጠበቃ የለውም፤ ከአንድ መጽሐፍ የሚያገኘው ትርፍም የአንድ ክስ የጠበቃ አበል አይሸፍንም። የቆየ ሥራ ከማሳተሙ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋል። መብቱ አለ ወይስ ጊዜው አልፏል? ካለስ የማን ነው? ባለመብት ነኝ የሚለው ሰው ማስረጃው ምንድን ነው? ጥያቄዎቹ የሕግ ናቸው፤ መልሳቸው ግን ገንዘብ ያስወጣል። የማያወላዳ መልስ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ከክርክሩ ወጪ ያነሰ የፈቃድ ክፍያ የሚጠይቅ ወራሽ መብት ባይኖረውም እንኳ ሊከፈለው ይችላል። አሳታሚው ያን ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው ከጥርጣሬ ለመገላገል ነው።

2. አምስት ሺህ ዶላር ወይስ ክርክር

አርተር ኮናን ዶይል ሸርሎክ ሆምስን በ1887 ለአንባቢ አስተዋውቆ እስከ 1927 ድረስ በ4 ልቦለዶችና በ56 አጫጭር ታሪኮች ጽፎበታል፤ በ1930 ሞተ። በአሜሪካ ሕግ ከ1923 በፊት የታተሙት ታሪኮች ከብዙ ዘመን በፊት የሕዝብ ሀብት ሆነዋል። ክርክሩ በተነሣበት ጊዜ ጥበቃ የነበራቸው ከ1923 እስከ 1927 የወጡት የመጨረሻዎቹ 10 ታሪኮች ብቻ ነበሩ።

የሎስ አንጀለሱ ጠበቃና የሆምስ ተመራማሪ ሌስሊ ክሊንገር ከደራሲት ሎሪ ኪንግ ጋር ሆኖ የዘመኑ ጸሐፊዎች ስለ ሆምስ የፈጠሯቸውን ታሪኮች ሰብስቦ ነበር። የመጀመሪያውን መድበል ያሳተመው ግዙፉ ራንደም ሃውስ፣ ወራሾቹ ያቋቋሙት ኩባንያ 5,000 ዶላር ሲጠይቀው ከፍሎ ተገላገለ። ሁለተኛውን መድበል የያዘው ግን ነጻና አነስተኛ አሳታሚ የሆነው ፔጋሰስ ነበር። የወራሾቹ ኩባንያ ያለ ፈቃድ ቢታተም መጽሐፉ እንደ አማዞን ባሉ ትላልቅ ሻጮች ዘንድ እንደማይገኝ አስጠነቀቀው። ፔጋሰስም ፈቃድ ካልመጣ አላትምም አለ። እስከዚህ ድረስ ክስ የመሠረተ ማንም አልነበረም፤ መጽሐፉ የቆመው በደብዳቤ ብቻ ነው።

ክሊንገር በ2013 ራሱ ከሳሽ ሆኖ፣ ሆምስና ዋትሰን በቀደሙት ታሪኮች በተቀረጹበት መልክ ለማንም ክፍት መሆናቸው በፍርድ እንዲረጋገጥለት ጠየቀ። ወራሾቹ የመለሱት አንድ ገጸ ባሕርይ ተቀርጾ የሚያልቀው በመጨረሻው ታሪክ ስለሆነ ጥበቃውም እስከዚያው ይዘልቃል ብለው ነው። የሥር ፍርድ ቤት ይህን አልተቀበለውም። በሰኔ 2014 የ7ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር ጸሐፊነት ውሳኔውን አጸና፤ ጥበቃ ያላቸው በመጨረሻዎቹ ታሪኮች ውስጥ አዲስ የተጨመሩ ነገሮች ብቻ መሆናቸውንም ገለጸ።

ለዚህ ጥናት ይበልጥ የሚጠቅመው በነሐሴ 2014 የተሰጠው ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። ፍርድ ቤቱ ወራሾቹ የይግባኙን የጠበቃ ወጪ 30,679 ዶላር ከ93 ሳንቲም እንዲከፍሉ አዘዘ። ምክንያቱንም ሲያብራራ አሠራሩን በግልጽ ተነተነው፦ ሕጋዊ መሠረት የሌለው ክፍያ ይጠየቃል፤ መጠኑ ሆን ተብሎ ከክርክር ወጪ ያነሰ ይደረጋል፤ የሚያመዛዝን አሳታሚም ከመሟገት መክፈልን ይመርጣል። ፖዝነር ይህን ከማስገደድ የማይለይ የንግድ ልማድ አድርጎ ተመልክቶታል፤ መጽሐፍ ሻጮችን ለማዕቀብ ማሰለፍ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ሊጥስ እንደሚችልም ጠቁሟል። የሁለቱ አኀዞች ንጽጽር ነገሩን ያስረዳል። 5,000ውን ላለመክፈል በይግባኙ ደረጃ ብቻ ከ30,000 ዶላር በላይ ማውጣት አስፈልጓል። ወጪው በተሸናፊው ላይ ባይጣል ኖሮ ክሊንገር በሕግ ረትቶ በሒሳብ ይሸነፍ ነበር።

3. አሳታሚው በወራሽ ወንበር

ከዚህ ተነሥቶ አነስተኛ አሳታሚ ምንጊዜም ተበዳይ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ላቭክራፍት በ1937 ልጅ ሳይተካ በፕሮቪደንስ ሲሞት ታሪኮቹ በአብዛኛው በርካሽ መጽሔቶች ተበታትነው ነበር። የንግድ አሳታሚዎች ስብስቡን አልፈልግ ሲሉ፣ ኦገስት ደርለትና ዶናልድ ዋንድሬ በ1939 በዊስኮንሲን ሶክ ሲቲ አርካም ሃውስን አቋቁመው የመጀመሪያውን ጥራዝ በ1,268 ቅጂ አሳተሙ። እነሱ ባይኖሩ ላቭክራፍት በመጽሔቶቹ ገጾች መካከል ተረስቶ ሊቀር ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ ደርለት ከአሳታሚነት አልፎ የባለመብትን ሥልጣን ያዘ። ላቭክራፍት የሥነ ጽሑፍ ወኪሌ ብሎ የመረጠው ወጣቱን ሮበርት ባርሎን ሲሆን፣ ሕጋዊ ወራሹ አክስቱ አኒ ጋምዌል ነበሩ። ደርለት የተመረኮዘው ከቤተሰቡ ባገኘው ፈቃድና በ1947 ዊርድ ቴልስ ከተባለው መጽሔት በተላለፈለት መብት ላይ ነው። በወቅቱ ይሠራ የነበረው የ1909 የአሜሪካ ሕግ ግን መብት በ28ኛው ዓመት እንዲታደስ ያስገድድ ነበር። ደራሲው ከሞተ የማደስ መብቱ በመርሕ ደረጃ የሚሄደው ለቤተሰቡ፣ ለኑዛዜ አስፈጻሚው ወይም ለቅርብ ዘመዱ ነው። ሳይታደስ ጊዜው ካለፈ ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆን ነበር። ኤስ. ቲ. ጆሺን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ከዚህ በመነሣት የአርካም ሃውስ የይገባኛል ጥያቄ መሠረቱ የሳሳ መሆኑን አሳይተዋል። ያም ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሌሎች አሳታሚዎች ወደ ሶክ ሲቲ እየጻፉ ፈቃድ ጠይቀዋል። ደርለት በ1971 ሲሞት ደግሞ የቆየ ባልደረባው ዋንድሬ ከተተኪዎቹ ጋር በሙግት ተያያዘ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። እርግጠኛ ያልሆነ መብት የሚጠቅመው ቀድሞ ለያዘው ሰው ነው፤ ያ ሰው ወራሽ ይሁን አሳታሚ ለውጥ አያመጣም።

4. ከሞት የተነሣ መብት

በጆይስ ጉዳይ ጥርጣሬውን የፈጠረው ሕጉ ራሱ ነው። ጆይስ በጥር 1941 ስለሞተ በ50 ዓመቱ ስሌት መብቱ በ1991 ማብቂያ ላይ አከተመ። አሳታሚዎችም አዳዲስ እትሞችን ማዘጋጀት ጀመሩ። ከሐምሌ 1995 ጀምሮ ግን የአውሮፓ ኅብረት ዘመኑን ወደ 70 ዓመት ሲያራዝም ያበቃው መብት እንደገና ሕይወት አግኝቶ እስከ 2011 ማብቂያ ዘለቀ። መብቱን የሚያስጠብቀውም በጥብቅነቱ የታወቀው የልጅ ልጁ ስቲቨን ጆይስ ነበር።

በ2000 የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ጽሑፎች መድበል ሲያወጣ ወራሾቹ ፍርድ ቤት ቀርበው እግድ አገኙ። መድበሉ የጆይስ ገጾች ወጥተውለት ለገበያ ቀረበ፤ የአገሪቱን ታላቅ ደራሲ የማይዝ የአገሪቱ መድበል ሆነ። የጆይስን ሴት ልጅ ሉሲያን ያጠናችው አሜሪካዊት ምሁር ካሮል ሽሎስ ያጋጠማት ውጤት ግን ሌላ ነበር። በአሳታሚዋ ስጋት ከመጽሐፏ የተቀነሱትን ማስረጃዎች የማተም መብቷ እንዲረጋገጥላት በ2006 ከሰሰች፤ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ፈቃዱን አገኘች፤ ወራሾቹም በኋላ ለጠበቆቿ 240,000 ዶላር ከፈሉ። በሁለቱ መካከል ካሉት ልዩነቶች አንዱ ሽሎስ ያለ ክፍያ የሚሟገቱላት ጠበቆች ማግኘቷ ነው።

ዘመኑ ካበቃ በኋላ በ2012 ኢቲስ የተባለ የደብሊን ትንሽ ማተሚያ፣ ጆይስ በ1936 ለልጅ ልጁ በደብዳቤ የጻፈውን የድመቶች ተረት በ200 ቅጂ አሳተመ። ደብዳቤውን በእጁ ያኖረው የዙሪክ የጆይስ ተቋም አልተጠየቅሁም ሲል ተቃወመ። ወረቀቱን መያዝና በጽሑፉ ላይ የቅጂ መብት መያዝ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም የአውሮፓ ሕግ ያልታተመን ሥራ ጥበቃው ካለፈ በኋላ መጀመሪያ በሕጋዊ መንገድ ለሚያሳትም ሰው የ25 ዓመት መብት ይሰጣል።

5. የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ሚዛን

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በ1996 ዓ.ም. ያረፉት የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች በዚህ ስሌት እስከ 2046 ዓ.ም. ባለመብት አላቸው። በ1931 ዓ.ም. በስደት ባዝ ከተማ ካረፉት ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሞት ወዲህ ግን 50 ዓመቱ ከሞላ ቆይቷል። ጊዜውን ማስላት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ፣ የማን ነው የሚለው ነው።

አዋጁ የመብት ማስተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ወረቀት ካለ ክርክሩ ያጥራል። በሕያው ደራሲና በአሳታሚ መካከል የሚፈረመው ውል ግን ደራሲው ከሞተ በኋላ ማን እንደሚናገርለት ካልገለጸ፣ ነገሩ ወደ ውርስ ሕግ ይዞራል። ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስም ሀብቱ የጋራ ነው። አንዱ ወራሽ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን፣ ሦስተኛው ቴል አቪቭ ቢኖሩ፣ አሳታሚው የወራሽነት ማስረጃና በየኤምባሲው የተረጋገጠ ውክልና ማሰባሰብ ሊኖርበት ነው። ከአንዱ ጋር ብቻ ተዋውሎ ቢያሳትም ሌላው እግድ ሊጠይቅበት ይችላል። እዚህ ላይ ጥርጣሬው የሚመነጨው ከባለመብቶች ብዛት ነው፤ ወጪው ግን እንደ ፔጋሰስ ሁሉ በአሳታሚው ላይ ያርፋል።

አሳታሚው እንደ ክሊንገር ቀድሞ ሊከስ ይችላል ወይ? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ከሳሽ በክርክሩ ነገር ላይ ጥቅም እንዲኖረው ይጠይቃል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው፣ ለትርጉም ወይም ለኅትመት ወጪ ያወጣ አሳታሚ ይህን መስፈርት ያሟላል። ወጪን በተመለከተም የዚሁ ሕግ ቁጥር 462 ለዳኛው ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል። መሠረት የሌለው የይገባኛል ጥያቄ ባቀረበ ወገን ላይ፣ ወራሽም ይሁን አሳታሚ፣ ትክክለኛው የጠበቃ ወጪ ቢጣል የፖዝነርን ውጤት ያለ አዲስ አዋጅ ማግኘት ይቻላል።

6. ማጠቃለያ

ወራሾች ሐቀኛ ጥቅም አላቸው፤ የሟቹ ስም ከሥራው እንዳይነሣ ወይም ሥራው እንዳይዛባ ሲከላከሉ ሕጉም የሞራል መብትን እያነሣ ይደግፋቸዋል። ይህ ጥናት የሚቃወመው በማይጣራ መብት መገበያየትን ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ይመከራሉ። አንደኛ፣ የኅትመት ውል ደራሲው ሲሞት በወራሾቹ ስም የሚፈርመውን አንድ ተወካይ በስም ይጥራ። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሟች ደራስያን ወራሾች በፈቃዳቸው የሚመዘገቡበትና ማንም የሚያየው መዝገብ ይክፈት። ይህን ምዝገባ የመብቱ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አያስፈልግም። የተመዘገበ ወራሽን ሳይጠይቅ ያሳተመ ሰው ቅን ልቦና ነበረኝ ማለት ይከብደዋል፤ ያልተመዘገበ ወራሽም የኅትመት እግድ ሲጠይቅ ዳኛው ዝምታውን ከግምት ያስገባበታል። የማጣራት ወጪም በቀላሉ ሊቀንሰው በሚችለው ወገን ላይ ያርፋል።