የታራ ነገሥታትና የኒያል ዘመን
መናገሻቸው ታራ ነበረች የሚባሉት የአየርላንድ ጥንታዊ ነገሥታት ዝርዝር ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደነበሩ ብዙ ምዕተ ዓመታት ይዘልቃል። ከ1632 እስከ 1636 እ.ኤ.አ. በዶኔጎል የተጠናቀረው «የአራቱ ሊቃውንት ዜና መዋዕል» እያንዳንዱን ንጉሥ ከነንግሥና ዘመኑ ይዘረዝራል። የሚያጠራጥረውም ይኸው ሙሉነቱ ነው። ክርስትና ሳይገባ በአየርላንድ ዓመት እየቆጠረ የሚመዘግብ ጸሐፊ አልነበረምና።

ስለ ዝርዝሩ እውነትነት ያለው ክርክር የሚጠነክረው ከነገሥታቱ አንዱ በሆነው በኒያል ላይ ነው። የገበሩለት ነገሥታት ለታማኝነታቸው ዋስ እንዲሆኑ ዘጠኝ ሰዎች ሰጥተውት ነበር ይባላል። በ11ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈ ትረካ እንደሚለው፣ ኒያልና ወንድሞቹ አደን ወጥተው ውሃ ይጠማቸዋል፤ ጉድጓዱን የምትጠብቅ መልከ ጥፉ አሮጊት ግን ካልሳሙኝ አላስቀዳም ትላለች። ፊያክራ የተባለው ወንድም ለይስሙላ ሳም ያደርጋታል። ኒያል ግን አቅፎ ሲስማት ቆንጆ ወጣት ትሆንና ንግሥናን ለእሱና ለዘሩ ትሰጠዋለች። ከፊያክራ ዘር በታራ የሚነግሡት ሁለት ብቻ ናቸው። ደራሲው የነገሥታቱን ዝርዝር አስቀድሞ በእጁ ይዞ ተረቱን በልኩ እንደሰፋው ግልጽ ነው።

አራቱ ሊቃውንት ኒያል በ405 ሞተ ይላሉ። በትውልድ ሐረጉ መሠረት ኒያል ለታራው ንጉሥ ለዲያርማይት ቅድመ አያት ነው፤ ዲያርማይት የሞተው ደግሞ በ565 ገደማ ነው። በሁለቱ ሞት መካከል 160 ዓመት አለ፤ ለሦስት ትውልድ እጅግ ይረዝማል። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች የኒያልን ሞት ወደ 450 ገደማ ያመጡታል። በስሙ የሚጠራው የኢ ኔል ሥርወ መንግሥት በ7ኛው ምዕተ ዓመት ገናና ስለነበር፣ ሰውየው በእርግጥ ኖሯል ቢባል ያስኬዳል። ገድሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2006 የደብሊን ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ከአምስት ወንዶች አንዱ ተመሳሳይ የዘረመል ምልክት እንዳለው ሲገልጹ፣ ጋዜጦች ምልክቱን ለኒያል ሰጡት። በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን ምልክቱ ከእሱ ዘመን እንደሚቀድም አመለከቱ።

ዲያርማይት ጋ ሲደረስ ማስረጃው ይጠነክራል። የአዮና ገዳም በ563 ተመሠረተ፤ ዛሬ በሚገኙት ዜና መዋዕሎች ውስጥ ያለው የጥንት ክፍል በዚያ ከተያዘ መዝገብ እንደመነጨ ይታመናል። የገዳሙ አበምኔት አዶምናን በ700 ገደማ ሲጽፍ፣ ዲያርማይትን በእግዚአብሔር ፈቃድ የመላ አየርላንድ ገዥ የሆነ ይለዋል። ይሁንና አዶምናን ራሱ የኢ ኔል ወገን ነበር፤ ምስክርነቱ የዘመድ ምስክርነት ነው። የታሪክ ሊቃውንቱ ቢንቺና በርን እንደሚሉት፣ በታራ መንገሥ ትልቅ ክብር ቢሆንም ደሴቲቱን ሁሉ መግዛት ማለት አልነበረም። «የአልስተር ዜና መዋዕል» የመላ አየርላንድ ንጉሥ የሚለውና ሥራውም ለማዕረጉ የሚቀርበው፣ በ862 የሞተው ማይል ሼክናል ነው።