የጋዞች ሕግ አመጣጥና ለትምህርት አሰጣጥ ያለው ጠቀሜታ

የጋዞች ይዘት ስሌት በሚሰጥበት ክፍል ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 2 ሊትር የሆነ ጋዝ ግፊቱ ሳይለወጥ እስከ 40 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ብዙ ተማሪዎች ይዘቱ 4 ሊትር ይሆናል ይላሉ። ትክክለኛው መልስ ግን 2.14 ሊትር ያህል ነው። የስሕተቱ ምንጭ የማባዛት ችሎታ ማነስ ሳይሆን ቀመሩ ከየት እንደ መጣ አለማወቅ ነው።

ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1660 በእንግሊዝ አገር ስለ አየር ያሳተመውን መጽሐፍ ፍራንሲስ ሊነስ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ተቃወመው። ቦይል በ1662 መልስ ሲሰጥ ሙግቱን በቁጥር ሠንጠረዥ አስደገፈ። አጭሩ ጫፍ በተደፈነ ጎባጣ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ባዜቃ እየጨመረ አየሩን አመቀ። አየሩ 48 ክፍል ሲሆን ግፊቱ 29 1/8 ኢንች ባዜቃ ነበር፤ ወደ 24 ሲወርድ 58 13/16 ሆነ። በመላምቱ መሠረት የሚጠበቀው 58 1/4 ነበር። ቦይል ይህን ልዩነት ሳይደብቅ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አሰፈረ፤ መላምቱም ከሪቻርድ ታውንሊ የመጣ መሆኑን ገለጸ።

የሙቀት ድርሻ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ሻርል በ1787 ገደማ የተለያዩ ጋዞች ሲሞቁ እኩል እንደሚሰፉ ቢደርስበትም ጽሑፉን አላሳተመም። ጌይ ሉሳክ በ1802 የሻርልን ቀዳሚነት ጠቅሶ የራሱን ልኬት አወጣ፤ ይኸውም በ0 ዲግሪ 100 እጅ የነበረ ጋዝ በ100 ዲግሪ 137.5 ይሆናል የሚል ነው። ይህም ለእያንዳንዱ ዲግሪ የ1/267 ጭማሪ ማለት ነው። ክላፔይሮን በ1834 የግፊትንና የሙቀትን ሕጎች በአንድ ቀመር ሲያጣምር የተጠቀመው በዚሁ 267 ነበር። በ1840ዎቹ የሬኞ ጥንቁቅ ልኬት ቁጥሩን ወደ 273 አቀረበው። በ1848 ደግሞ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ የፍጹም ሙቀት መለኪያን ሐሳብ አቀረበ።

እንግዲህ የሴልሺየስ ዜሮ ውኃ የሚረጋበት ነጥብ እንጂ የጋዝ ይዘት መነሻ አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው ጥያቄ የሚነጻጸሩት 20 እና 40 ሳይሆኑ 293 እና 313 ናቸው።

ግፊትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየር ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ወለል 3 ሊትር የሚሆን ጋዝ፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ፣ በዚህ 4 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለሆነም መምህሩ በቤተ ሙከራ የተሰበሰበን ጋዝ በ760 ሚሊሜትር ባዜቃ ቢያሰላ ተማሪው ያየውና ወረቀቱ የሚለው አይገናኙም።

በዚህም ምክንያት መማሪያ መጻሕፍት ከቀመሩ በፊት የቦይልን ሠንጠረዥ ቢያቀርቡ፣ ተማሪውም የይዘትንና የሙቀትን መስመር ራሱ ስሎ ወደ ኋላ በማስረዘም ዜሮ ይዘት የት እንደሚያርፍ ቢፈልግ ይበጃል። 273 የተባለውን ቁጥር በቃሉ ከመያዝ ይልቅ በእጁ ያገኘው ተማሪ በቀላሉ አይስተውም።