የመሪ መታሰቢያና የሕዝብ ጥያቄ

የመሪ ታሪክ በሁለት መንገድ ለትውልድ ይተላለፋል። አንደኛው ድንጋይ ጠርቦ፣ ነሐስ አቅልጦ ሐውልት ማቆም ነው፤ ሁለተኛው መሪው የጻፈውንና የወሰነውን ሁሉ ሕዝብ እንዲመረምረው ክፍት ማድረግ ነው። የመጀመሪያው አድናቆትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ፍርድን። ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ይቻላልን? በዩናይትድ ስቴትስ የሚገኙት የፕሬዚዳንቶች ቤተ መዘክሮች ታሪክ፣ በተለይም በአዳራሾቻቸው የተካሄዱት የሕዝብ ውይይቶችና ለወጣቶችና ለቤተሰብ የተዘጋጁት ትምህርታዊ ዝግጅቶች፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይጠቁማሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእነዚህ ቤቶች አመጣጥ ከባለቤትነት ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ከጆርጅ ዋሺንግተን ዘመን ጀምሮ አንድ ፕሬዚዳንት ከሥልጣን ሲወርድ የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት እንደ ግል ንብረቱ ጠቅልሎ ይሄድ ነበር። በዚህም ሳቢያ ብዙ ሰነድ ተበትኗል፤ ብዙውም ጠፍቷል። ይህን ልማድ ለመለወጥ ቀዳሚ የሆኑት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሃይድ ፓርክ በሚገኘው የቤተሰባቸው ርስት ላይ ከግለሰቦች በተዋጣ ገንዘብ ሕንፃ አሠርተው ለመንግሥት አስረከቡ፤ ቤተ መዘክሩም በ1941 ለሕዝብ ተከፈተ። በ1955 የወጣው ሕግ ይህንኑ አሠራር አጸና። በ1978 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ የሚሠሩ ፕሬዚዳንቶች ሰነድ የሕዝብ ሀብት መሆኑን ደነገገ።

ይሁን እንጂ አንድ ቅራኔ ሳይፈታ ቆይቷል። ሰነዱን የሚጠብቁት የመንግሥት መዝገብ ቤት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ለሕንፃውና ለትርኢቱ ገንዘብ የሚያዋጡት በአብዛኛው የፕሬዚዳንቱ ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ ጎብኚው ደጁን አልፎ ሲገባ በመጀመሪያ የሚሰማው የወዳጅ ምስክርነት ነው። የወዳጅ ምስክርነት ደግሞ ምን ጊዜም ሙሉ አይሆንም። ጉድለቱን የሚሞላው፣ በመስታወት ውስጥ የተደረደረው ዕቃ ሳይሆን፣ በአዳራሹ ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ የሚገኘው የሊንደን ጆንሰን ቤተ መዘክር ነው። ቤቱ በ1971 ተመርቆ በተከፈተ በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1972፣ የዜጎችን እኩልነት የሚመለከቱት ሰነዶች ለተመራማሪዎች ሲከፈቱ ታላቅ የሕዝብ ጉባኤ ተጠራ። የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን፣ ሁበርት ሃምፍሪ፣ ሮይ ዊልኪንስና ወጣቱ ጁልያን ቦንድ ከተገኙት መካከል ነበሩ። ጆንሰን በጽኑ የልብ ሕመም ይሠቃዩ ስለ ነበር ወደ መድረኩ የወጡት በብርቱ ድካም ነው፤ በንግግራቸውም መካከል ሕመሙ ስለ ተነሣባቸው መድኃኒት ወደ አፋቸው ጨምረው ቀጠሉ።

አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ። የጆንሰን ቁጭት ግን ሌላ ነበር። የ1964ቱን የእኩልነት ሕግና የ1965ቱን የምርጫ መብት ሕግ ያወጡት እኚህ ሰው፣ በሥልጣን ዘመናቸው ከዚያ በላይ ባለመሥራታቸው እንደሚያፍሩ በገዛ ቤተ መዘክራቸው መድረክ ላይ ቆመው ተናገሩ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 22 ቀን 1973፣ ዐረፉ። በ2016 ደግሞ ያው ቤት ስሙን ክፉኛ ያጠለሸውን የቬትናም ጦርነት የሚመረምር ጉባኤ ጠራ። መታሰቢያ ከውዳሴ በላይ ሊሆን የሚችለው በዚህ ዓይነት ነው።

ነገር ግን ጥያቄ ሁልጊዜ በፈቃደኝነት አይስተናገድም። በካሊፎርኒያ፣ በዮርባ ሊንዳ በ1990 የተከፈተው የሪቻርድ ኒክሰን ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመታት በወዳጆቻቸው ማኅበር እጅ ብቻ ቆይቶ በ2007 ወደ መንግሥት መዝገብ ቤት አስተዳደር ተዛወረ። በ2009 የቤቱ ዳይሬክተር የነበሩት ቲሞቲ ናፍታሊ፣ በ1973 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፊት በኒክሰን ላይ የመሰከሩትን ጆን ዲንን ለሕዝብ ንግግር በጋበዙ ጊዜ የወዳጆቹ ማኅበር ተቃወመ። የሆነ ሆኖ ንግግሩ ተካሄደ፤ በ2011ም የዎተርጌትን ጉዳይ በሰነድና በምስክሮች ቃል የሚያስረዳ አዲስ ትርኢት ተከፈተ። አንድ እንግዳ መጋበዝ ይህን ያህል ክርክር ማስነሣቱ ራሱ መድረኩ ተራ ጌጥ አለመሆኑን ያረጋግጣል።

የወጣቱ ትምህርት ከዚህ የተለየ ዓላማ የለውም። በ1957 በሚዙሪ፣ በኢንዲፔንደንስ ከተማ ቤተ መዘክራቸው የተከፈተላቸው ሃሪ ትሩማን፣ በዚያው ቢሮ ይዘው ሲሠሩ፣ ጉብኝት የመጡ ተማሪዎችን በአዳራሹ ተቀብለው ለጥያቄያቸው መልስ ይሰጡ ነበር። ከእሳቸው ሞት በኋላም በዚያው ቤት ወጣቶች የፕሬዚዳንቱንና የአማካሪዎቹን ሥፍራ ይዘው፣ አንድ ጊዜ ምሥጢር የነበሩ ሰነዶችን ግልባጭ አንብበው፣ ተከራክረው ውሳኔ የሚሰጡበት ክፍል ተቋቋመ። ከሚቀርቡላቸውም ጉዳዮች አንዱ በ1950 የተነሣው የኮሪያ ጦርነት ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። በዚያ ጦርነት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም በዚያ ወድቀዋል። በሚዙሪ አንድ ተማሪ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚከራከርበት ውሳኔ በአዲስ አበባ የአንዲት እናት ኀዘን ሆኖ ተፈጽሟል። በአዳራሹ ወላጁ ከልጁ ጎን ተቀምጦ «አንተ ብትሆን ምን ትወስን ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ልጁ የሚማረው የፕሬዚዳንቱን ስም ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሰው ፊርማ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ጭምር ነው።

እንግዲህ ለመምህሩም፣ ለኪነ ጥበብ ሰውም፣ የባህል ተቋም ለሚመራውም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የመሪን ወንበር፣ ካባና ብዕር ለእይታ ማቅረብ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ጎብኚው በጸጥታ ገብቶ በጸጥታ የሚወጣበት ቤት ሐውልት ነው፤ ልጅ እጁን አውጥቶ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት፣ አዋቂውም ሰነዱን ገልጦ ለመመለስ የሚገደድበት ቤት ግን በእውነት ቤተ መዘክር ነው።