«መቅኒ» እና «ንቅለ ተከላ»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክ

በጎንደር ደጋ «መቅኒ» ከማዕድ የማይርቅ ቃል ነው፤ ቅልጥም ተሰብሮ የሚመጠጠው እርሱ ነው። ሀብት የማይበረክትለትንም ሰው «መቅኖ ቢስ» እንለዋለን። ወደ ሕክምና የገባው ግን በሌላ በር ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርደውን ደገኛ ካላዛር ሲይዘው፣ በ1947 ዓ.ም. ከተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ባደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ተሕዋሱ ከጣፊያው ወይም ከመቅኒው በመርፌ በተቀዳ ናሙና ይፈለጋል። ስለዚህ «መቅኒ መቅዳት» ሲባል ሕመምተኛው ምን እንደታሰበ ይገባዋል።

«የመቅኒ ንቅለ ተከላ» ግን ያሳስታል። ስያሜው የገበሬ ነው፤ የበርበሬ ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ በማሳ ይተከላል። ለኩላሊት ይስማማል። መቅኒ ግን ከለጋሹ ዳሌ አጥንት ይቀዳል፣ በተቀባዩ ደም ሥር ይገባል፣ ሴሎቹም መንገዳቸውን ራሳቸው አግኝተው በአጥንቱ ውስጥ ይሰፍራሉ።

ይህ የተፈተነው አስቀድሞ በእንስሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ጃኮብሰን የአይጦችን ጣፊያ በእርሳስ ከልሎ ገዳይ ጨረር ቢያሳርፍባቸው ብዙዎቹ ተረፉ። በ1951 ሎሬንዝና ባልደረቦቹ መቅኒ በመርፌ በመስጠት ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ነገር ግን ከሌላ ዘር አይጥ መቅኒ የተሰጣቸው ከጨረሩ ከዳኑ በኋላ እየከሱና እየተቀማጡ ይሞቱ ጀመር፤ የገባው መቅኒ ተቀባዩን ያጠቃ ነበርና። ዶናል ቶማስ በ1957 ሕክምናውን በ6 ሕመምተኞች መሞከሩን አስታወቀ፤ አንዳቸውም ከ100 ቀን አላለፉም። እርሱም በውሾች ላይ የጀመረውን ጥናት ቀጠለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሕብረ ሕዋስ ዓይነታቸው የተመሳሰለ፣ አብረው የተወለዱ ውሾች ሜቶትሬክሴት እየተሰጣቸው ለረጅም ጊዜ ኖሩ። በ1969 ሲያትል ላይ ቡድኑ ወደ ሰው የተመለሰው ይህን ይዞ ነው፤ የኖቤል ሽልማት የመጣው በ1990 ነው።

እንግዲህ ውሾቹ ያስተማሩን አደጋ በችግኝ ምሳሌ ውስጥ ቦታ የለውም። መደብ ለችግኝ አይመች ይሆናል እንጂ፣ ችግኝ ማሳውን ሲበላ ያየ ገበሬ የለም። በእኛ አስተያየት አደጋው «የእንግዳ ጥቃት» ቢባል ይሻላል፤ እንግዳ በባለቤቱ ላይ ሲነሣ ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ለድርጊቱም፣ «ደም ልገሳ» አስቀድሞ ስለለመደ፣ «መቅኒ ልገሳ» እና «መቅኒ ቅበላ» እንዲባል እናቀርባለን። ለጋሽ እንዲሆን የሚጠየቅ ወንድም «ይነቀላል» የሚል ቃል ሊሰማ አይገባም፤ የሰጠው መቅኒ በሳምንታት ውስጥ ይተካልና።