የሱሉልታ ደጃፍና የደብረ ሊባኖስ መንገደኛ

አያቴ ቀን የምትቆጥረው በጻድቁ ተክለ ሃይማኖት ነበር። በየወሩ በ24 ማኅበር ነበረባት፤ ነሐሴ 24 ዕረፍቱ፣ ግንቦት 12 ፍልሰተ ዐፅሙ ነው። የእነዚህ ሁለት በዓላት ሰሞን ሱሉልታ ያለው ደጃፏ በመንገደኛ ይሞላ ነበር። ከአዲስ አበባ እንጦጦን አቋርጦ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የሚያድረው እኛ ዘንድ ነበር።

«ስለ ተክለ ሃይማኖት» ብሎ የቆመ ሁሉ ይገባ ነበር። ከስልቻው በሶ ቢያወጣም ከቤቱ ገብስ ቆሎ ይጨመርለታል። የሱሉልታ ብርድ የሚታወቅ ነውና ውሃ ሞቅ ይደረጋል፤ አያቴም በርከክ ብላ እግሩን እያጠበች በአማርኛም በኦሮምኛም ታጫውተዋለች። ከመታጠቡ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «የክርስትና ስምዎ ማን ነው?»

ጥያቄው ከእናቷ የወረሰችው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ግራዚያኒ ገዳሙን ተባባሪ ነው ብሎ ጄኔራል ማሌቲን አዘመተበት። ወታደሮቹ የመጡት በዚያው በግንቦቱ በዓል ሰሞን ነበር። በበዓሉ ማግስት፣ ግንቦት 13፣ መነኮሳቱ በካሚዮን ተጭነው ላጋ ወልዴ በሚባል ቦታ ተረሸኑ። ለሮም የተነገረው ቁጥር 297 መነኮሳት ነው፤ ጉዳዩን ኋላ ያጠናው ኢያን ካምቤል ግን ሟቾቹ ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ፣ ለበዓሉ የመጡ ምዕመናንም አሉበት ይላል። ይህ ለእኛ ቤት አዲስ ወሬ አይደለም። ቅድመ አያቴ አጥባ ከሸኘቻቸው እንግዶች ሳይመለሱ የቀሩ ነበሩ። ለነፍሳቸው ልታስጸልይ ቄሱ ዘንድ ሄዳ ስም ስትጠየቅ የምታውቀው ጥቁር ካባና ነጭ ጺም ብቻ ሆነባት። ከዚያ ወዲህ እግር ሳይታጠብ ስም መጠየቅ ደንብ ሆነ። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ግራዚያኒ ብዙ ጽፈዋል፤ የመንገድ ዳር ሴቶችን የጠየቀ ግን ብዙ አላየሁም።

አሁን መንገደኛው በአውቶቡስ ያልፋል፤ ሱሉልታን የሚያውቃት በመስኮት ነው። ውሃም የሚጠጣው በፕላስቲክ ታሽጎ ነው፤ አንዳንዱ እዚሁ ሱሉልታ የታሸገ ነው።

ማኅበሩ ግን አለ። ጽዋው በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ከተረኛ ወደ ተረኛ ይሻገራል፤ የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍላል። ዛሬ ከአባላቱ ግማሹ ኪራይ ቤት ነው የሚኖረው፤ የጠላ ጋን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ባለፈው ጊዜ አክስቴ ጠላውን ትታ ለስላሳ ብታቀርብ የማኅበሩ መሪ ሙሴው አኮረፉ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ሄደ።