ኮቱ

እስቲ ስሙኝማ! ነገሩ የእሁድ ነው፤ በይፋት ቆላ እሁድ ማለት ደግሞ የሰንበቴ ገበያ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በአጣዬ ወደ ከሚሴ የሚዘልቀውን የደሴ መንገድ ይዛችሁ ጅሌ ጥሙጋ ስትደርሱ ገበያው ደምቆ ታገኙታላችሁ። አፋሩ ግመሉን ይነዳል፣ ኦሮሞው ፍየሉን ይጎትታል፣ አርጎባው የሸመነውን ያነጥፋል፣ አማራው ማሾና ሽንኩርቱን ያራግፋል።

አንድ የሸዋ ሮቢት ጎረምሳ ፍየል ሊገዛ ወጣ። ኦሮምኛ ጀማሪ ነው። «ዴሜ» ሄደ፣ «ዴሚ» ሂድ፤ «ዱፌ» መጣ። እዚህ ድረስ ያውቃል። ሙክት የሚጎትቱ ሽማግሌ ሲያልፉ ታዲያ ሂሳቡን ሠራና «ዱፊ!» ብሎ ተጣራ። ሽማግሌው ዞር ብለው በሳቅ ፍርስ አሉ። በደንቡማ ልጁ ምን አጠፋ? ግን ኦሮሞ ሰው ሲጠራ «ኮቱ» ነው የሚለው። ልጁም ትዝ አለውና «ኮቱ!» አለ። ባሰ! አባቱን የሚያህሉ ሰው «ና» ይባላሉ? አጠገቡ የነበረ በርበሬ ሻጭ በክርኑ ጎሸም አድርጎ «‹ኮታ› በላቸው እንጂ!» አለው። «ኮታ» ለብዙ ሰው ነው፤ ለአንድ ትልቅ ሰውም ክብር ነው።

በልጁ ለመሳቅ አትቸኩሉ። የኦሮሞ ልጅ አማርኛ ሲጀምር «ምጣ» ቢለን እኛም እንስቃለን። «መጣ» ብለን ስናበቃ «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ» የምንል እኛ አይደለን? ደግሞ ጉዱ፣ ስንከለክል «አትና» አንልም፤ «አትምጣ» ነው። ኦሮሞውም ሲከለክል «ኮቱ»ን ትቶ «ሂን ዱፊን» ይላል። ትግርኛውም «መጽአ» ብሎ «ንዓ» ነው። ከዚሁ ከቆላው ዓረብ አገር ሄደው የተመለሱ ሴቶችን ጠይቁ፤ ማዳም ስትጠራቸው «ተዓሊ» ነበር የምትለው፣ «መጣ» ግን በዓረብኛ «ጃአ» ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ተዋውሶ ነው እንዳልል፣ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለው ላትቪያዊ «እሄዳለሁ»ን «ኤዩ» ብሎ «ሄድኩ»ን «ጋዩ» ይላል። እንደኔ እንደኔ፣ ከአፍ የማይጠፋ ቃል ደንብ አይገዛውም። ልጅ ደንቡን ሳያውቅ ቃሉን ይለምደዋል፤ ለምዶ ካደገ በኋላ ማን ያርመዋል?

ሙክቱስ አላችሁ? ሽማግሌው «ኮታ» ሲባሉ ቆሙ። ልጁ ጀርባውን ዳበሰ፣ ጥርሱን ገልጦ አየ፣ ዋጋ ጠየቀ። የጠሩለት ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ራሱን ነቅንቆ፣ እጁን ኪሱ ከቶ መንገዱን ጀመረ። ብዙም ሳይርቅ ከኋላው «ኢልመ ኮ (ልጄ)፣ ኮቱ! ኮቱ!» የሚል ድምፅ ሰማ።

ዞሮም ሳያይ ዋጋው እንደወረደ ገባው።