ልባስና ዝገት፦ የተሽከርካሪ ወለል አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ ዝቅ ያለ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የምናገረው በየቀኑ ስለምንረግጠው፣ ምንጣፉን ገልጠን ግን ስለማናየው የመኪና ወለል ነው። በሰሜን አሜሪካ የፒክአፕን ካሶኒ ከጭረት ለመጠበቅ የተሠራው ወፍራም ልባስ፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ጋቢናው ዘልቆ የዛገ ወለል መሸፈኛ ሆኗል። ይህ እንዴት ሆነ? ሽፋኑስ ዝገቱን ያስቆመዋልን? የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ከወዲሁ ልናገር፦ ልባስ ጤነኛውን ብረት ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አይፈውስም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የዝገትን ጠባይ እንመልከት። ብረት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ወደ ኦክሳይድ ይለወጣል። አሉሚኒየምም ኦክሳይድ ያበጃል፤ የእርሱ ግን ስስና ጥብቅ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለውን ይጋርዳል። የብረት ዝገት በአንጻሩ ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ የሚይዝና የሚቀረፍ ነው። እርጥበትን ይዞ ያቆያል፤ እየተቀረፈም አዲስ ገጽ ለጥቃት ያጋልጣል። ጨው ሲጨመርበት ውሃው ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ጥፋቱ ይፈጥናል።

የመኪና ወለል ሁልጊዜ ብረት አልነበረም። የፎርድ ሞዴል ቲ ነጂ እግሩን ያሳርፍ የነበረው በእንጨት ሳንቃ ላይ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ከሥር ያለው ሻንሲ ነበር። ዶጅ ወንድማማቾች በ1914 ከኤድዋርድ በድ ኩባንያ ጋር ሙሉ የብረት አካል ያለው መኪና ማምረት ጀመሩ። በ1922 ለሕዝብ የታየው ላንቺያ ላምዳ፣ በ1934ም የወጣው ሲትሮኤን ትራክሲዮን አቫን የተለየውን ሻንሲ አስቀርተው አካሉን ራሱን ተሸካሚ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ወለል መረገጫ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የመዋቅሩ አንድ ክፍል ሆነ። በፒክአፕ ዘንድ ሻንሲው ዛሬም አለ፤ ይሁን እንጂ ወንበሩ የሚታሰረው በጋቢናው ወለል ላይ ነው። የወለል ዝገት የመልክ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የመንገድ ጨው መጣ። የአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሸር ግዛት በ1938 በረዶን ለማቅለጥ ጨውን በመንገድ ላይ ሞከረች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልማዱ በሰሜናዊ ግዛቶች ተስፋፋ። ዛሬ በአሜሪካ መንገዶች ላይ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ጨው ይበተናል። ጨዋማው ውሃ ወለሉን ከሥር ይረጨዋል። ከላይም ተሳፋሪው በጫማው ይዞት የገባው በረዶ ቀልጦ ወደ ምንጣፉ ይሰርጋል፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅም ለሳምንታት አምቆ ያቆየዋል። ላሜራው ከሁለት ወገን ይበላል።

ሰው ለዚህ ጠላት ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥቷል። የመጀመሪያው የመሥዋዕትነት መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 ብረትን በዚንክ ለመለበጥ ፓተንት አወጣ። ዚንክ ከብረት ቀድሞ የሚበላ ስለ ሆነ፣ ልባጩ ቢጫር እንኳ በብረቱ ፈንታ ራሱን ይሰጣል። ሁለተኛው የግድግዳ መንገድ ነው። ልክ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ በጀርመን ሌቨርኩሰን ፖሊዩሬቴንን አገኙ። በ1980ዎቹ ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ የሚደርቀው ፖሊዩሪያ ተከተለ። የካሶኒ ልባስ የእነዚህ ልጅ ነው፦ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው ይረጩና እንደ ጎማ የሚለጠጥ ጠንካራ ቆዳ ይሆናሉ።

ግድግዳ ግን በውጭ ያለውን እንደሚከለክል ሁሉ በውስጥ ያለውንም ያግታል። ልባሱ በዝገት ላይ ሲረጭ የሚጣበቀው በብረቱ ላይ ሳይሆን በሚቀረፈው ዝገት ላይ ነው። እርጥበት ከሥር በኩል፣ በላሜራዎች መጋጠሚያ መግባቱን አያቆምም። ቀድሞ ዝገቱ ሲብስ ቀለሙ ያብጥና ይሰነጠቅ ነበር፤ ባለቤቱም ያይ ነበር። ወፍራሙ ልባስ ግን ብረቱ ከሥሩ አልቆ እንኳ ሳይሰነጠቅ ሊቆይ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኘዋል ማለት ነው።

እንግዲህ የሥራው ዋና ክፍል ከመርጨቱ በፊት ያለው ነው። ወንበርና ምንጣፍ ይወጣል፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በመሞረጃ ነጭ ብረት እስኪታይ ይፋቃል፤ የተበሳው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየዳል። በጉድጓድ ውስጥ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት መድኃኒት ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ከዚያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በመጨረሻም ልባሱ ይከተላል። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎችና የቀበቶ ቡሎን ማሰሪያዎች እንዳይደፈኑ ይሸፈናሉ። ፈሳሹ ያለበት አይሶሳያኔት የአስም በሽታ ስለሚያስከትል ረጪው ተገቢውን የመተንፈሻ መከላከያ ሳያደርግ አይጀምርም።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይደለም። ላሜራ፣ ካሶኒ፣ ስቱኮ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። ወደ አገራችን ከገቡት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ሌላ አገር ያገለገሉ ናቸው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፤ የቀድሞው አገር ክረምት ግን ከመኪናው ጋር ተሳፍሮ ይመጣል። አሮጌ መኪና ውስጥ አዲስ፣ ጥቁርና ወፍራም ልባስ ያየ ገዥ ከውበቱ በፊት ታሪኩን ይጠይቅ፤ ከሥር ገብቶ ይመልከት፤ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይስማ። አበው «ውስጡን ለቄስ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የታሪክ ተማሪም ሥራው ይኸው ይመስለኛል። ልባስ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ በተፋቀ ብረት ላይ ያረፈ ልባስ ብረቱን ለብዙ ዘመን ያኖራል። ልዩነቱን የምናውቀው ግን ላዩን በማየት ሳይሆን፣ ከመለበሱ በፊት ምን እንደ ተሠራ በመጠየቅ ነው።